ለነፋስ ቤት የለም

ሁለት ሣጥን መጣ፣
አንዱ ከበረዶ፣ አንዱ ከፀሐይ አገር የወጣ።
የእኔ ሥራ ቀላል ነው፤ ከደብተር ገጽ ላይ ቁጥር መልቀም፣
ሄልሲንኪ መሃል፣ መስኮት በሌለው ምድር ቤት መክረም፤
የዓመቱን ሙቀት ደምሬ፣ አካፍዬ፣ ነጥብ ከነጥብ አያይዤ፣
ሁለት አገር ማስተያየት ነው፣ አንድ ወረቀት ይዤ።

አንደኛው ሣጥን ከላፕላንድ ነው፤ አውሊኪ የምትባል ሴት
አርባ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ጎህ ሳይቀድ፣ በባትሪ መብራት
በረዶ እየጣሰች ሄዳ፣ የመለኪያውን ነጭ ጎጆ ከፍታ
በእርሳስ ጻፈችው፤ ቀለም እንደሁ ይረጋል፣ ጠዋትም ይሁን ማታ።

«ከዜሮ በታች ሠላሳ ስምንት። ሽፋሽፍቴ ተጣበቀ።»
«ከዜሮ በታች አራት። ዘንድሮ ውርጩ ምነው ራቀ?»

አንድ ዓመት ሽቅብ ትወጣለች፣ አንድ ዓመት ቁልቁል ትወርዳለች፣
መስመሯ እንደ ሰካራም ናት፤ ከግራ ቀኝ ትላተማለች፤
ግን ቀስ በቀስ፣ ሳይታወቃት፣ ዳገቱን ይዛዋለች።

ሌላው ሣጥን ከስሪላንካ ነው፤ ምስጥ ጠርዙን የበላው፣
ዊማላሴና የተባለ፣ የገጠር ፖስታ ቤት ሹም የጻፈው፣
ማኅተሙን ከማንሳቱ በፊት፣ ደብዳቤ ሳያድል ለሰው።
ሃያ ሰባት ነጥብ ሁለት፤ ነጥብ አንድ፤ እንደገና ነጥብ ሁለት፤
ገጽ ብገልጥ፣ ገጽ ብገልጥ፣ ያው ቁጥር፣ ያው ጽሕፈት።
አልዋሽም፣ እንቅልፌ መጣ።

እነዚህ ሁለት ሰዎች አይተዋወቁም፤ ደብዳቤም አልተጻጻፉም፤
ዕድሜያቸውን ዲግሪ ቆጠሩ፤ ዲግሪ ግን አልነበራቸውም።

አለቃዬ ሬይዮ መጣ፣ በትከሻዬ ላይ አጎንብሶ፦
«እይማ፣ የኛ መስመር ሁለት ዲግሪ ወጥታለች፣ ጣራው ደርሶ!
የነሱ አንድ እንኳ አልሞላች። ታዲያ ምንድነው ለቅሶ?»

ቁጥሩስ ልክ ነው፤ አልተከራከርኩም።
ሲሄድ ግን፣ ተርጓሚው በስስ ወረቀት ያያያዘውን የኅዳግ ጽሑፍ
አንድ በአንድ ገልጬ አነበብኩ፣ የምሳዬን ሰዓት ሳሳልፍ፦
«ሌሊቱ አልበረደም። ሩዙ አበበ፤ ፍሬ ግን አልያዘም።
እናቴ ምንጣፏን ይዛ ደጅ ተኛች። ደጁም አልተሻለም።»

ያችኛዋ ሰካራም ናት፤ መውደቅ መነሳት ለምዳለች፤
ይህችኛዋ ግን በአናቷ ሙሉ ማሰሮ ተሸክማለች፣
ጣት ያህል ብታዘነብል፣ ሁሉንም ታፈሳለች።

እንዲህ ለሩቋ ሳዝን፣ የቅርቧን ችላ ብዬ፣
የአውሊኪን ኅዳር ገለጥኩ፣ ቶሎ ልጨርስ ብዬ።
«ከዜሮ በላይ አንድ። የሐይቁ በረዶ ገና ነው፤ አልጠናም።
ኤይኖ ግን እንደ ልማዱ ሊሻገር ነው። ወንድሜ ምክር አይሰማም።»

ከዚያ ሦስት ቀን ባዶ። ቁጥር የለ፣ የእርሳስ ጭረት የለ።
በአራተኛው ቀን፦ «ከዜሮ በታች ሁለት። ነፋስ አለ።»

በቃ። ስለ ኤይኖ ከዚያ ወዲያ አንዲት ቃል የለችም፤
በመንግሥት ደብተር ላይ አውሊኪ ከቁጥር ሌላ አታለቅስም።

መመሪያው ግልጽ ነው፦ «የጎደለን ቀን በአማካይ ሙሉት፤»
የፊቱንና የኋላውን ደምሮ፣ ለሁለት አካፍሎ መክተት።
አማካይ ግን አገር አይደለም፤ ማንም አልኖረበትም፣
ማንም ደጅ ወጥቶ አልተኛበት፣ ማንም አልሰጠመበትም።

ማሽኑ ሦስቱን ባዶ ቤቶች በቀይ አብርቶ ጠበቀኝ፤
ጣቴ ከቁልፉ ላይ ቆየ፣ እጄም እንደ ባዳ ራቀኝ።
ባዶውን እንደ ባዶ ተውኩት፤ ሬይዮም ነገ ይቆጣ፤
ለዓመቱ ድምር እንደሁ፣ ቅንጣት ታህል ለውጥ አላመጣ።

ከዚያ አራተኛውን ቀን ጻፍኩ፦ ከዜሮ በታች ሁለት።
ለነፋሱ ግን፣ ማሽኑ ላይ አጣሁለት ቤት።